ከመድረኩ ጎን የቆመው ሯጭ

መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ውስጥ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ብትፈልጉ በቀላሉ አታገኙም። ስለ አውሮፕላን የሚያስተምር ሰው ከፈለጋችሁ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ በኃይሉ ኳስ ቤት ጎራ በሉ፤ ሙሉ ቤት ነው።

የበኃይሉ ኳስ ቤት ከእኔ የልብስ ስፌት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ጎል ሲገባ ግድግዳው ይነቃነቅና ስፌቴ ይጣመማል። ስለዚህ ጨዋታ ባለ ቀን ሥራዬን ዘግቼ እዚያው ገብቼ መቀመጥ ለምጃለሁ። ሚስቴ ሰበብ ነው ትላለች። አልተሳሳተችም።

ያን ቅዳሜ ፍልሰታ ከተፈታ ጥቂት ቀን ቢሆነው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ ጨልሟል፤ ውጭው ጭቃ ስለሆነ ግን ማንም አልተነሣም። ኳስ ከሌለ ያለው ወሬ ነው። የተጫዋች ዝውውር ሰሞን በመሆኑም ወሬው ሁሉ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል ነበር።

"አጥቂያችን ሄዷል አልኳችሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ታይቷል" አለ ፈንታ።

ፈንታ በግ ነጋዴ ነው፤ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ። ክለቡ በተሸነፈ ማግሥት ገበያ ላይ በጎቹ እንኳ አንገታቸውን ይደፋሉ እየተባለ ይቀለድበታል።

"አውሮፕላን ማረፊያ መታየት መሄድ አይደለም" አለ በኃይሉ። እሱ የአርሰናል ነው፤ መታገሥ ያውቃል። "ስንቱ ደጁ ድረስ ደርሶ ይመለሳል።"

ሁሉም ሳቀና ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ዞረ።

ፎቶው የማዕረግ ነው። ማዕረግ ያሳደግነው ሯጭ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ በአሥር ኪሎ ሜትር ሦስተኛ የወጣ ጊዜ የተነሣው ነው። አንደኛውና ሁለተኛው መድረኩ ላይ ወጥተው ቆመዋል። ማዕረግ ሜዳሊያውን አጥልቆ ከመድረኩ ጎን፣ መሬት ላይ ቆሟል። የሦስተኛው ቦታ ባዶውን ነው። እኛ ያን ጊዜ "ትሕትናው!" ብለን ልናለቅስ ምንም አልቀረን።

በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ልጁ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ገባና ክለቡ ለውድድር ውጭ አገር ሊልከው ተነሣ። የመጀመሪያው ጊዜ ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረ። ሁለተኛው ጊዜ፣ በሰኔ፣ ቦሌ በሩ ድረስ ሄዶ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ላምበረት መናኸሪያ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀረና ሆላንዱ ተባለ። ድሮ አርሰናል ውስጥ አውሮፕላን አልሳፈርም ያለ አንድ ሆላንዳዊ ነበር፤ ጓደኞቹ በሰማይ ሲሄዱ እሱ በመኪና ይከተላቸዋል ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት ፈንታ ነው።

"እኔ የሚገርመኝ፣ ስልሳ ሺህ ሰው እየጮኸበት ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ ሰውዬ ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈራል?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ወንበሩን አይደለም የሚፈራው። ከወንበሩ በታች ያለውን ነው" አለ ፈንታ።

"ከወንበሩ በታች ምን አለ?"

"ምንም። እሱ ነዋ የሚያስፈራው።"

"ደመና ውስጥ ሲገባ እንደ ቀየት ኮረኮንች መንገድ ያንገጫግጫል ይላሉ" አለ በኃይሉ።

"ቀየት መንገድ ላይ እንኳ ሲብስ ወርደህ ትገፋለህ። እዚያ ወርደህ ምኑን ትገፋለህ?"

ሳቁ ሳያባራ በሩ ተከፈተና ማዕረግ ራሱ ገባ። ከልምምድ መመለሱ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፤ ከትከሻው ላይ እንፋሎት ይነሣል። "ሆላንዱ መጣ!" ብለው ቦታ ለቀቁለት።

"ረቡዕ ነው አይደል የምትበረው?" አለው ፈንታ። "ቱርክ?"

"ረቡዕ ማታ ነው።"

"ስማኝ፤ መስኮት ጋ እንዳትቀመጥ። ሲነሣ ደግሞ እንደ በግ ዝም በል። በግ ጭነት መኪና ላይ ስጭን አይቻለሁ፣ ዝም ያለው ነው በደኅና የሚገባው።"

"የሚገባው ቄራ አይደል እንዴ!" አለ በኃይሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ማዕረግ ግን አልሳቀም። ሌላ ጊዜ አብሮ የሚስቅ ልጅ ነው። ሻዩን ሳይነካው ትንሽ ተቀመጠና ቀስ ብሎ፣ "የምሄድ አይመስለኝም" አለ። ተነሥቶ ወጣ።

ሳቁ ቀዘቀዘ። አሠልጣኙ ምን እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ "ይህን ከቀረህ መለያችንን አስረክበህ ወደ በጎችህ ተመለስ" ብሎታል። ልጁ እናቱን የሚጦረው በእግሩ ነው። እኔ ደግሞ የእናቱ ጎረቤት ነኝ።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወደ እናቱ ወደ እትዬ አልጣሽ ቤት ተሻገርኩ። አጥራችን አንድ የድንጋይ ካብ ነው።

"ልጄን ምን ብላችሁ ነው የሰደዳችሁት?" አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው። "ቆሎ እንኳ አልቆረጠመም።"

ማዕረግ የበጎቹ በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ ተቀምጬ ምክሬን ጀመርኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ምክር አያልቅበትም። ዝንጅብል ያዝ አልኩት፤ ጥርስህ መሐል አድርገው። መተላለፊያው ጋ ተቀመጥ አልኩት። ዓይንህን ጨፍነህ ዳገት የምትሮጥ ይምሰልህ አልኩት።

"ጋሽ አፈወርቅ፣ እርስዎ ሄደው ያውቃሉ?"

"የት?"

"በአውሮፕላን።"

"እኔ? እኔ ደብረ ብርሃን ፎቅ ስወጣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ነው የምይዘው።"

ፈገግ አለ። ከዚያ በረቱን ትኩር ብሎ እያየ፣ "ፍርሃት ቢሆንማ እሄድ ነበር። ግዝት አለብኝ" አለኝ።

"የምን ግዝት?"

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ትልቁ ጽድ ላይ የወፍ ጎጆ አየሁና ወጣሁ። መውጣቱ ቀላል ነበር፤ መውረዱ አቃተኝ። የንስሐ አባታችን መምሬ ባስልዮስ አይተውኝ መሰላል ተሸክመው መጡ። አቅፈው አወረዱኝ። መሬት ስረግጥ መስቀላቸውን አወጡና፣ 'ከዛሬ ጀምሮ ከምድር ከፍ ባለ ነገር ላይ ብትወጣ በአፈ ጴጥሮስ በአፈ ጳውሎስ ገዝቼሃለሁ' አሉኝ።"

"እና?"

"እና ወጥቼ አላውቅም።"

ኳስ ቤት ያለው ፎቶ ዓይኔ ላይ መጣ።

"ያ የደብረ ብርሃኑ መድረክ..."

"አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላል" አለኝ። "ውጣ፣ ውጣ አሉኝ። እዚህ ይመቸኛል አልኩ።"

"ክለብህ የምትተኛበትስ?"

"ምድር ቤት። ይሸታል ብለው ልጆቹ የተዉትን ክፍል ለምኜ ወሰድኩ።"

"አውቶብስስ? በአውቶብስ ትመጣ የለም እንዴ?"

"ጎማው መሬት ላይ ነው ብዬ ነው" አለ። "እሱንም ቢሆን እየሠጋሁ።"

"ለእናትህ ለምን አልነገርካቸውም?"

"ያኔ ዛፍ ላይ መውጣቴን ብታውቅ ትገርፈኝ ነበር። አሁን ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ደበቅኸኝ ብላ ትገርፈኛለች።"

ሌላ ቄስ ጠይቆ እንደሆነ ጠየቅሁት። አንዴ አዲስ አበባ ጠይቋል፤ "ያሰረው ይፍታህ" ብለውታል። መምሬ ባስልዮስ ደግሞ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ መንኩሰው ከሄዱ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም።

ሌላ አገር ቢሆን ይሳቅ ይሆናል። እኔ ግን የመንዝ ሰው ነኝ። ሁለት ወንድማማቾች የተጣሉበት ማሳ ግዝት ተጥሎበት፣ ባለቤቶቹ በረሃብ እያዩት ሰባት ዓመት ጦሙን ሲያድር አይቻለሁ። ማንም ማረሻ አላስነካውም። ይህ ልጅ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያንን ማሳ ተሸክሞ ኖሯል፤ እኛ ደግሞ ሆላንዱ እያልን እንስቅ ነበር።

"ይህን ነገር ለኳስ ቤቱ ልናገር?" አልኩት።

"ይስቃሉ።"

"አይስቁም" አልኩ። በፈንታ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ፈንታ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ እኮ ስም ያወጣሁለት..." አለና ዋጠው።

"በል አሁን እዚህ ንስሐ አትግባብን" አለው በኃይሉ። "መምሬ ባስልዮስ የት ናቸው? እሱን ንገሩኝ።"

የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቀን ተረዳን። አባ ባስልዮስ በሕይወት አሉ፤ መርሐቤቴ ውስጥ፣ ከዓለም ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አንድ ትንሽ ገዳም ነው ያሉት።

"ይደወልላቸው!" አለ አንዱ። "በስልክ ይፍቱት።"

"መስቀሉን በስልክ እንዴት ይሳለማል?"

"በቪዲዮ!"

"ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቋረጥስ?" አለ ፈንታ፤ ነፍሱ መለስ ማለት ጀምራለች። "ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ ታስሮ ሊቀር ነው?"

ክርክሩ የቆመው ገዳሙ ውስጥ ስልክ እንደማይያዝ ሲነገረን ነው። እንግዲህ መሄድ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል የመርሐቤቴ ተራራ ከማዶ ይታየናል፤ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስላል። ነገር ግን በመካከል ያለው ገደል በክረምት ወንዙ ሞልቶ አያሻግርም። መኪናው በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን። ሰኞ አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ገዳሙ፣ ረቡዕ ተመልሶ ቦሌ። አንድ ጎማ ከፈነዳ ሁሉ ነገር አበቃ።

"እኔ አብሬ እሄዳለሁ" አለ ፈንታ። "መናኸሪያውን ሁሉ አውቀዋለሁ።" እኔም ከጎረቤትነቴ ሌላ ሰበብ አላስፈለገኝም።

ለእትዬ አልጣሽ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አልተቆጡም። ጥቂት ቆዩና፣ "እኔ እኮ ሰማይ የሚያስፈራው ልጅ ወለድኩ ብዬ ሦስት ቦታ ተስያለሁ" አሉ። "መጀመሪያ ባስልዮስን ብጠይቃቸው ኖሮ!"

ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶብስ የጀማን ገደል በፍሬን እያቃሰተ ወረደ፤ በስምንት ሰዓት ገደማ ዓለም ከተማ አራገፈን። ከዚያ በጭቃው መንገድ በእግር ሄድን። ማዕረግ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ የሚመስለው፤ እኛ ግን ትንፋሻችን አለቀ።

"ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ነህ የተገዘትከው፣ እኛ አይደለንም!" ይላል ፈንታ ከኋላ።

አባ ባስልዮስን ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘናቸው። ጎብጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስማችንን አንድ በአንድ ነገርናቸው። እኔን በአባቴ ስም አወቁኝ። ማዕረግ መስቀላቸውን ተሳልሞ እንደ ጎነበሰ ቀረ። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። ስለ ጽዱ፣ ስለ መሰላሉ፣ ስለ ግዝቱ። ስለ መድረኩና ስለ ምድር ቤቱ። ስለ ነገው አውሮፕላንም።

እስክጨርስ ድረስ ጎመኑን እንደያዙ ቆሙ።

"ስንት ዓመት ሆነው?" አሉ።

"አሥራ አራት፣ አባታችን" አለ ማዕረግ።

ጎመኑ ከእጃቸው ወደቀ። ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"ብያለሁ" አሉ። "አዎ፣ ብያለሁ። ቅርንጫፉ ሲንቋቋ እሰማ ነበር። ወድቀህ የሞትክ መስሎኝ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። በድንጋጤ የወጣ ቃል ነው። በማግሥቱ ልጠራህና ልፈታህ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ረሳሁት። አየህ ልጄ፣ ያሰረው ይረሳል፤ የታሰረው አይረሳም።"

ከዚያ ያደረጉትን ፈንታ እስከ ዛሬ ቆቡን አውልቆ ነው የሚያወራው። ተነሥተው፣ መነኩሴው፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ሽማግሌ፣ ልጁ እግር ላይ ሊወድቁ ጎነበሱ። ማዕረግ ቀድሟቸው ተደፋ። እዚያ ጭቃ ላይ አንተ ተነሣ፣ እርስዎ ይነሡ ሲባባሉ እኛ ሁለታችን ወዴት እንደምናይ ጠፋን።

በመጨረሻ መስቀላቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። ረጅም ጸሎት ደገሙ፤ ከግእዙ የገባኝ ትንሽ ነው። መጨረሻው ግን በአማርኛ ነበር።

"እግዚአብሔር ይፍታህ። በወጣህበት ሁሉ በደኅና ያውርድህ። በእኔ ላይ ደግሞ አርባ ስግደት ይጨመርብኝ።"

ማዕረግ ተነሥቶ መሬቱን አየ። ምን እንደሚያደርግ ያላወቀ ይመስላል።

"ያንን ታያለህ?" አሉት አባ፤ ከጓሮው ካለ አጭር ግራር ላይ የተንጠለጠለ ቀፎ እያሳዩት። "ንቦቹ ጥለውት ከሄዱ ሁለት ክረምት ሆነው። የሚያወርድልኝ አጥቻለሁ።"

"አባታችን፣ ነገ እኮ ሊሮጥ የሚሄድ ልጅ ነው!" አልኩ። "እግሩን ቢሰብርብን..."

"አንተ ደግሞ አሁን ልትገዝተው ነው?" አሉኝ። አፌን ዘጋሁ።

ማዕረግ ወደ ዛፉ ሄደ። ግንዱን በእጁ ነካ። የመጀመሪያዋን ቅርንጫፍ ያዘና አንድ እግሩን አነሣ፤ ሁለተኛው እግሩ መሬቱን አልለቅም ብሎ ቆየ። በአገራችን እንደዚያ ሮጦ የሚያውቅ እግር የለም፤ አሁን ግን አንድ ክንድ መነሣት አቃተው። ከዚያ ለቀቀ። ቅርንጫፉ ከሰው ራስ አይበልጥም፤ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ቀፎውን ፈትቶ ለፈንታ አቀበለና እዚያው ቁጭ አለ።

"ውረድ እንጂ" አለው ፈንታ።

"ቆይ" አለ ማዕረግ። "ሩቅ ያሳያል።"

ማታ ከመነኮሳቱ ጋር ንፍሮ ስንበላ፣ ፈንታ ስለ አውሮፕላን ማስተማሩን ቀጠለ። አባ በትዕግሥት ሰሙት።

"ሄደህበታል?" አሉት።

"እኔ እንኳ አልሄድኩም። ግን..."

"እኔ ሄጄበታለሁ" አሉ አባ። "ከአራት ዓመት በፊት የንስሐ ልጆቼ ኢየሩሳሌም አድርሰውኛል።"

ሦስታችንም ማኘካችንን አቆምን። በስንት መንገድ ዞረን ያገኘነው፣ ተሳፍሮ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ልጁን የገዘተው ሆኖ አረፈው!

"ያስፈራል?" አለ ማዕረግ።

"እንዴታ! ሲነሣ የሆድህ ዕቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ጆሮህ ይደፈናል፤ ምራቅህን ዋጥ፣ ይከፈታል። 'አባታችን ሆይ'ን ሦስት ጊዜ እስክትደግም ነው የሚያስጨንቀው። ከዚያ ወዲያ ምግብ ያመጡልሃል። ጦም ከሆነ አስቀድመህ ንገራቸው።"

ረቡዕ ገና ሲነጋጋ ተነሥተን ዓለም ከተማ ደረስን። አውቶብሱ የጀማን ዳገት ሲጋፈጥ ፊታችን አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘጋ። ፈንታ በጎቹ የታረዱበት ይመስል ራሱን ያዘ። ወርደን ከተሳፋሪው ጋር ድንጋይ እያነጠፍን ገፋን። ማዕረግም ሊገፋ መጣ፤ "አንተ ወዲያ! ያንተ እግር ለሌላ ነው" ብለን አባረርነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ቦሌ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የክለቡ ሰዎች በሩ ላይ ሰዓታቸውን እያዩ ይንቆራጠጣሉ። አሠልጣኙ የማዕረግን ጫማ አየ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የመርሐቤቴ ጭቃ ነው። ምንም አላለም። ዕቃውን ተቀበለው።

ማዕረግ እጃችንን ሳመ፤ እኛም ጉንጩን ሳምነው። ሰልፉ ውስጥ ገባ። እኔና ፈንታ አጥሩን ተደግፈን ራሱን እየፈለግን እናያለን። አንድ ሰው ቀረው። ደረሰ። ከዚያ ዞረና ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ።

"በቃ" አለ ፈንታ ቀስ ብሎ። "አለቀልን።"

ልጁ አጠገባችን ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ" አለኝ። "ፈራሁ።"

"ግዝቱ ነው?" አልኩት። "እሱ አሁንም አለ?"

አሰበበት። ደረቱን የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

"አይደለም" አለ። "እሱ የለም። ዝም ብዬ ነው የፈራሁት።"

እኔና ፈንታ ተያየን። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከሆዴ ሥር ነው የፈነዳው። ፈንታ አጥሩን ይዞ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ማዕረግ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ እሱም ይስቅ ጀመር፤ ዕንባው እስኪወርድ።

"ዝም ብለህ ከሆነማ የፈራኸው" አለው ፈንታ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ "እንደ ሰው ሁሉ ነዋ! እንደ ሰው ሁሉ ፍራና ሂድ!"

ሮጦ ተመለሰ። በሩ ዋጠው።

እኛ በማግሥቱ በሌሊቱ አውቶብስ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ተኝቼ ስለነበር ደብረ ብርሃንን ማለፋችንንም አላየሁ። ዘመሮ ስንገባ ኳስ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ጨዋታ ግን የለም። እትዬ አልጣሽ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቤት ገብተው፣ ፊት ለፊት፣ የተሻለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የበኃይሉ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁሉም ስልኩን እንደ ፍጹም ቅጣት ምት ነው የሚያየው።

ሲጮህ በኃይሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው።

"ደርሻለሁ" አለ ማዕረግ። "አሁን ሆቴል ገብቻለሁ። ደኅና ነኝ።"

የተነሣውን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ስፌት ቤቴ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የነበረ ክር ሁሉ ወርዶ ነው ያገኘሁት። እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም።

ጸጥ ሲል ፈንታ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

"እሺ፣ እንዴት ነበር? እውነቱን ንገረኝ።"

"እውነቱን ከሆነ፣ ሲነሣ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰውዬ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጢማም፣ ቋንቋውን አላውቀውም። እስኪያርፍ አልተለቃቀቅንም።"

"ማን ነው ቀድሞ የያዘው?"

ከልጁ ኋላ የብዙ ሰው ድምፅ፣ የሻንጣ ጎማ ይሰማል።

"እሱ ነው" አለ ማዕረግ፤ ሳቁን ሰማነው።